እባካችሁ ፊደሉን አትጨምቁት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ ደሴ ሲገባ ቶሎ ገዝተው ከሚያነቡት አንዷ ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ዜናው ሳይሆን ዜናው ስለተጻፈበት ፊደል ነው። ርዕሱ ከዓምዱ አልገጥም ሲላችሁ በኮምፒውተር ትጨምቁታላችሁ፤ ሲያጥርባችሁ ደግሞ ትለጥጡታላችሁ። ይህን እንድትተዉ ልለምናችሁ ነው።

ትንሽ የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። አባቴ ታፔላ ጸሐፊ ነበር። የሻይ ቤቱን፣ የልብስ ሰፊውን፣ የሥጋ ቤቱን ስም በብሩሽ ሲጽፍ የቀለም ጣሳ የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ቆርቆሮው ሲጠበው ፊደሉን አያቀጥነውም። ባለቤቱን ይጠራና «አንድ ቃል እንቀንስ» ይለዋል።

ባለፈው ክረምት ሥራ ቀዝቀዝ ሲል የምወዳቸውን የአማርኛ ፎንቶች (የኮምፒውተር ፊደል ዓይነቶች) የያዘች ትንሽ ጥራዝ ሠራሁ። ደንበኞቼ «ደስ ባለሽ ፎንት አድርጊው» ይሉኛል። እነሱም ዓይተው እንዲመርጡ ባንኮኒው ላይ የማስቀምጠው ነገር ፈልጌ ነው።

ሁሉንም ፎንት በአንድ ዓረፍተ ነገር ፈተንኩት፤ «ጧት ቋንጣ ፍርፍር፣ ማታ ጥብስ አለን»። የአባቴ ታፔላ ላይ የነበረ ነው። «ጧ» እና «ቋ» ፎንትን ያጋልጣሉ። የኛን ፊደል ፎንት የሚሠራ ሰው ከ300 በላይ ቅርጽ መሣል አለበት፤ የት ላይ እንደደከመው እነዚህ ሁለቱ ይናገራሉ። ከደጋ አጋዘን ስሙን ያገኘው ኒያላ የሚባለው ፎንት የፊደሎቹ እግሮች ልክ በብርዕ የተጻፉ ይመስላሉ። አቢሲኒካ የሚባለው የቁም ጽሕፈትን፣ የብራናውን የእጅ ጽሕፈት ወግ ይዟል፤ ለረጅም ንባብ እሱን የሚያህል የለኝም። ኖቶ ለስልክና ለማስታወቂያ ጥሩ ነው። ስልካችን ፊደል ሲጠፋው የሚያሳየንን ባዶ ሳጥን ለማስቀረት የተሠራ ነው፤ ሳጥኑ በእንግሊዝኛ «ቶፉ» ስለሚባል ስሙም የመጣው «ኖ ቶፉ» (ቶፉ አይኑር) ከሚለው ነው። አቢሲኒካም ኖቶም በነፃ ይገኛሉ። ጅረትና ይገዙ ብሥራት የሚባሉ ፎንቶችንም አስገብቻለሁ፤ ለሠርግ ካርድ የምጠቀመው በነሱ ነው።

ጥራዟ 24 ገጽ ናት፤ ስድስት ኤ4 ወረቀት ለሁለት ታጥፎ። የገጹ አደራደር ቀልብ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ወረቀት ፊት 24 እና 1 ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ በጀርባው 2 እና 23። ጎን ለጎን የሆኑት ድምራቸው ሁሌ 25 ነው። 25 ካልመጣ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። የወረቀቱ ጀርባ ተዘቅዝቆ እየወጣብኝ ብዙ ወረቀት አበላሽቻለሁ። ከዚያ በእናቴ ወስፌ መታጠፊያው ላይ ሦስት ቀዳዳ በሳሁ። የጫማ ሰፊ ክር ሰም አስነክቼ ከመሐለኛው ቀዳዳ ጀምሬ ሰፋሁት። ሲታጠፍ የመሐሉ ወረቀት ገፋ ብሎ ስለሚወጣ ጠርዙን በካተር አስተካከልኩት።

ሽፋኑ ላይ «ደሴ» የሚለውን ከአሮጌ ሲሊፐር ሶል ቀርጬ በቀለም አተምኩት። የመጀመሪያው አልሆነም። ሳትመው «ሴ» ቀድማ «ደ» ተከትላ መጣች፤ የ«ሴ» ቀለበትም በግራ እግሯ ላይ ወጣ። ማኅተም በግልባጭ እንደሚቀረጽ አውቃለሁ። እጄ ግን ልማዱን አልተወም። ሁለተኛውን በመስታወት እያየሁ ቀረጽኩት።

አሁን ወደ ልመናዬ ልመለስ። 17ኛው ገጽ ላይ «ዜና» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩ። አንዱን እንዳለ፣ አንዱን ወርዱን ወደ 70 በመቶ ጨምቄ፣ አንዱን ወደ 140 ለጥጬ። የብርዕ ጽሕፈት ክብደቱ እግሩ ላይ ነው፤ ማያያዣው ቀጭን ነው። ስትጨምቁት ኮምፒውተሩ እግሩን ያቀጥንና አግዳሚውን እንዳለ ይተወዋል። ፊደሉ የሚቆምበት ያጣል። የ«ዜ» ቀለበትም ትጠባለች፤ የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ሲመጥ ትደፈናለች። ከዚያ «ዜ» እና «ዚ» በምን ይለያሉ? ከርዕሶቻችሁ አንዱን «ዚና» ብዬ አንብቤ ተመልሼበታለሁ። መነጽር ሳላጠልቅ አልነበረም።

ፊደላችን ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የታተመው ሮም ውስጥ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ በ1513፣ መዝሙረ ዳዊት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን የማተሚያ ቤት ፊደል እርሳስ ከሚባለው ብረት ቀልጦ የሚሠራ ነበር። ብረት አይለጠጥም። ቦታ ሲጠብ ፊደል ለቃሚው ሠራተኛ ሌላ መጠን ያለው ፊደል ያነሳል፣ ወይም አዘጋጁ ቃል ይቀንሳል። የብራና ጸሐፊዎቻችንም ቃሉ መስመሩ ላይ ካላለቀላቸው ቀሪውን ፊደል ወደ ታች ያወርዱታል፤ ሁለት ነጥቡ ቃሉ የት እንዳበቃ ይናገራል። እዚሁ አጠገባችን ሐይቅ እስጢፋኖስ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል አለ፤ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ እኔ ያየሁት በፎቶ ነው። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ ፊደሉ እግሩን ዘርግቶ ቆሞ ታዩታላችሁ።

ርዕስ ሲረዝምባችሁ መጠኑን አንድ ደረጃ ቀንሱት። አለዚያም አንድ ቃል አውጡ። ወይ ደግሞ ሁለት መስመር አድርጉት። እኔ ጋ የሚመጣ ደንበኛ ቃል ቀንስ ስለው ቅር ሲለው አላየሁም።

ከጥራዟ አንድ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ። 17ኛው ገጽ ላይ ቀይ ክር አድርጌበታለሁ። ገጽ የሚያቀናብረው ልጅ እጅ ይግባልኝ።

የታፔላ ጸሐፊው ልጅ
ከደሴ፣ ወሎ