ወርሃዊ ክፍያችን ለምን ጨመረ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የሬዲዮ ጣቢያችን ወርሃዊ ክፍያ ከ5 ዶላር ወደ 7 ዶላር ከፍ ይላል። ነገሩ የሆነው በዘፈን ሮያሊቲ፣ ማለትም ዘፈን በተሰማ ቁጥር ለባለመብቶቹ በሚከፈለው ገንዘብ፣ ምክንያት ነው። ሂሳቡን ሳናሳያችሁ ጨምሩ ማለት ደግሞ አልወደድንም።

እዚህ አሜሪካ በኢንተርኔት ሙዚቃ የሚያሰማ ጣቢያ የሚከፍለው በአድማጭ ልክ ነው። አንድ ዘፈን ስንለቅ 200 ሰው ከሰማን፣ 200 ጊዜ ይቆጠርብናል። ዋጋውን የሚወስነው ዋሽንግተን የሚገኘው የቅጂ መብት ሮያሊቲ ቦርድ ነው፤ ገንዘቡን የሚሰበስበው ሳውንድኤክስቼንጅ የተባለ ድርጅት። እ.ኤ.አ. በ2021 እንደኛ በደንበኝነት ለሚሠሩ ጣቢያዎች፣ ዋጋው ለአንድ ዘፈን በአንድ አድማጭ 0.26 ሳንቲም ሆነ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ በየዓመቱ የኑሮ ውድነቱ እየታየ ይስተካከል ነበር።

0.26 ሳንቲም ሲሉት ምንም አይመስልም። እስቲ አብረን እናስላው። በሰዓት 15 ዘፈን እንለቃለን እንበል። በቀን 5 ሰዓት የሚያዳምጠን ሰው በወር 2,250 ዘፈን ይሰማል። በ2021ዱ ዋጋ እንኳ 5 ዶላር ከ85 ሳንቲም ነው። እሱ የሚከፍለን ግን 5 ዶላር! የሰርቨሩ፣ የሠራተኛው፣ ለግጥምና ዜማ ደራሲዎች ለብቻው የሚከፈለው ገና አልተነሳም። አብልጠው የሚወዱን ደንበኞች አብልጠው ያስወጡናል። ይህን ለእናንተ መጻፍ ከብዶናል።

ለዘፋኝ መከፈሉን አንቃወምም። ሊከፈለው ይገባል። የሚያሳዝነን ሌላ ነው። ኤፍኤም ጣቢያ ያንኑ ዘፈን በአየር ሲለቅ ለዘፋኙ ምንም አይከፍልም፤ ሕጉ የሚያስከፍለው ለደራሲዎቹ ብቻ ነው። ትልቁ ነጻ፣ ትንሹ ባለዕዳ። ድሮ ትናንሽ ጣቢያዎች ከገቢያቸው በመቶኛ የሚከፍሉበት ስምምነት ነበር። እሱ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ አበቃ። አንድ ወር ብቻ ቆይቶ፣ ጃንዋሪ 2016 ሲያልቅ፣ የትናንሽ የኢንተርኔት ጣቢያዎች ማሰራጫ የነበረው ላይቭ365 ተዘጋና በእሱ ላይ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ጣቢያዎች ዝም አሉ። በኋላ በሌላ ባለቤት ተከፍቷል። እኛ ግን ያን ቀን አንረሳውም።

ስለዚህ ከክፍያው ሌላ ሁለት ነገር እንለውጣለን። የወግና የውይይት ሰዓት እንጨምራለን፤ ወሬ ይህ ሂሳብ የለበትም። አፑ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ «እያዳመጡ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ማንም ሳይሰማው ሌሊቱን ሲዘፍን የሚያድር ስልክ ብዙ ነው፤ እሱም ይቆጠራል። ሌሊት የምትሠሩ ሾፌሮች እየነዳችሁ ስልክ እንድትነኩ አንፈልግም። ደውሉልን፣ ጥያቄውን እናጠፋላችኋለን። ጡረታ ላይ ላሉ እናቶቻችንና አባቶቻችን ክፍያው 5 ዶላር እንደሆነ ይቆያል።

ከመካከላችሁ ዘፋኝ ካለ፣ ወይም አልበም ያሳተመ ዘመድ ያለው፣ አንድ አደራ አለን። ሳውንድኤክስቼንጅ ተመዝገቡ። ምዝገባው በነጻ ነው። ወጪው ተቀንሶ ከሚከፋፈለው 45 በመቶው የዘፋኙ ነው። ያልተመዘገበ ሰው ገንዘቡ እዚያው ተቀምጦ ይቀራል። እኛ የከፈልነው እናንተ ጋ ቢደርስ ደስ ይለናል።

በአዲሱ ዋጋ መቀጠል የማትችሉ እስከ ወሩ መጨረሻ ንገሩን፤ ያለ ምንም ቅጣት እንዘጋላችኋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የጣቢያው ባልደረቦች