የታደሰ ሞተር የዘይት ግፊቱ ተለክቶ ይረከብ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፦

በባሕር ዳር ሞተራቸውን አሳድሰው ወደ ጎንደር መንገድ የሚወጡ ባለንብረቶች ዘይት ሲንጠባጠብባቸው የኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ብቻ ተለውጦላቸው ሲሸኙ ማየት ያሳዝነኛል። ዘይት በንፋስ ወደ ኋላና ወደ ታች ስለሚገፋ፣ ሞተሩ ታጥቦና ደርቆ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ከላይ በኩል መጀመሪያ የረጠበው ቦታ ነው መፈለግ ያለበት፤ የቫልቭ ክዳን የሚያፈሰው ዘይት ብዙ ጊዜ የኮፓው ይመስላልና።

የዘይት ግፊቱ ጉዳይ ይበልጥ ያሳስበኛል። የዳሽቦርዱ መብራት የሚበራው ግፊቱ እጅግ ከወረደ በኋላ ስለሆነ፣ ባለሙያው በዘይት አምፖሉ (ሞተሩ ላይ ያለው የዳሽቦርዱን መብራት የሚያበራው የግፊት ጠቋሚ) ቦታ የግፊት መለኪያ ጌጅ አስሮ፣ ሞተሩ በሚገባ ሲሞቅ፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እና በደቂቃ በ2000 ዙር ሊለካ ይገባል። በብርድ ጥሩ የነበረው ግፊት ሲሞቅ ከመጠን በላይ ከወረደ፣ ብዙውን ጊዜ የብሮንዚኑ (የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚሽከረከርበት ማረፊያ) ክፍተት ሰፍቷል ወይም ፓምፑ ደክሟል፤ ወፍራም ዘይት መጨመር ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ ኮሎውን፣ ማለትም ዋናውን ዘንግ፣ አያድንም። ጋራዦች ልኬቱን ከአምራቹ መመሪያ ጋር አመሳክረው ለደንበኛው በጽሑፍ እንዲሰጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር