የጽዳት እንስሳት ከመግዛታችሁ በፊት

ውድ አባላት፣

አዲስ የጨው ውሃ የኮራል ገንዳ ለጀመራችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ የጽዳት እንስሳቱን (አልጌና የተረፈ ምግብ እየበሉ ገንዳውን የሚያጸዱትን ቀንድ አውጣዎችና ሸርጣኖች) ለማስገባት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ውሃው ውስጥ ያሉት መርዞች፣ አሞኒያውም ናይትራይቱም፣ ዜሮ ይግቡ። ከዚያ መስታወቱና አሸዋው ላይ ቡናማ የአልጌ ሽፋን እስኪታይ ጠብቁ። የቀንድ አውጣ ቀለብ እሱ ነው። ምንም አልጌ የሌለበት ገንዳ ውስጥ ከገባ በረሃብ ይሞታል፤ ሬሳው ሲበሰብስ ደግሞ አሞኒያው ተመልሶ ይመጣል።

ከቀንድ አውጣዎች የእኔ ምርጫ ትሮከስ የሚባለው ነው። አስትሪያ የሚባለውም ጎበዝ በላተኛ ነው፤ ግን አሸዋ ላይ በጀርባው ከወደቀ ብዙ ጊዜ መነሳት ያቅተዋል። በእጃችሁ ካላቃናችሁት እዚያው ይቀራል። ትሮከስ ራሱን ችሎ ይገለበጣል።

ለአሸዋው ናሳሪየስ የሚባለውን ቀንድ አውጣ ጨምሩ። አልጌ አይነካም፤ ሥራው የተረፈ ምግብ መልቀም ነው። ቀኑን ተቀብሮ ይውልና ምግብ ሲሸተው ቀጭን ቱቦውን ብቅ አድርጎ ከአሸዋው ይወጣል። ማየቱ ብቻ ደስ ይላል!

ባዶ ዛጎል ውስጥ የሚኖረው ኸርሚት ሸርጣን ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ሲያድግ ሰፋ ያለ ዛጎል ይፈልጋል። ባዶ ካጣ ቀንድ አውጣ ገድሎ ቤቱን ይወርሳል። የምታስገቡት ከሆነ መጠናቸው የተለያየ ባዶ ዛጎሎች አስቀምጡለት።

በገንዳው ሊትር ተሰልቶ የሚሸጥ የጽዳት እንስሳት ጥቅል አልመክርም። በጥቂቱ ጀምሩ፤ አልጌው ከበረታ ትጨምራላችሁ። ስታስገቧቸው የገንዳውን ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ቀስ ብላችሁ አላምዷቸው፤ የጨው መጠን ድንገት ሲቀየር አይችሉም። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒትም እዚያ ገንዳ ውስጥ በፍጹም እንዳይገባ፤ ሁሉንም ይፈጃቸዋል። የታመመ ዓሣ ካለ በሌላ ገንዳ ይታከም።