ኢኮኖሚክስ አይደለም፣ እማዬ

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ፈተና ትናንት ጨረስኩና ዛሬ ተረጋግቼ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

እህቴ እንደነገረችኝ፣ ሰው «ልጅሽ ምን ይማራል?» ሲልሽ «ኢኮኖሚክስ» ብለሽ ትመልሻለሽ። አልተቀየምኩሽም። ግን ሆዴን ባር ባር አለው፤ ለሰው መናገር የከበደሽ ትምህርት ያንቺው ሙያ ነውና። የቤተሰብና የሸማቾች ሳይንስ ይባላል፤ ድሮ ሆም ኢኮኖሚክስ ይሉት የነበረው፣ በእኛ አፍ ባልትና። ስመዘገብ «ማብሰልና ማጠብ ከኔ አትማርም ነበር? ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ያስኬዳል?» ብለሽኝ ነበር። ያኔ የምመልሰው አጥቼ ዝም አልኩ።

አስተማሪያችን በመጀመሪያው ሳምንት ትምህርቱን የጀመሩት ከድስት ሳይሆን ከውሃ ነው። ኤለን ስዋሎው ሪቻርድስ የምትባል አሜሪካዊት ኬሚስት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1873 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስትመረቅ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ሥራዋ የመጠጥ ውሃ መመርመር ነበር። ያንኑ የላቦራቶሪ ዓይን ወደ ቤት አዞረችው፦ ልጆች የሚጠጡት ውሃ ንጹሕ ነው? የተገዛው ምግብ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል? የቤቱ አየር ይተነፈሳል? በ1909 የአሜሪካ የሆም ኢኮኖሚክስ ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት እሷ ሆነች። ትምህርቱ ሥር የሰደደውም በዚያው አገር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ነው። የ1862 ሕግ የገበሬና የሠራተኛ ልጅ እርሻና ቴክኒክ እንዲማር ኮሌጅ ከፈተለት፤ እርሻው ሳይንስ ካለው ቤቱም አለው ያሉ ሴቶች ደግሞ ተከትለው ገቡ።

ሱፍ ሹራቤን በሙቅ ውሃ አሽቼ የሕፃን ልብስ ያሳከልኩበት ቀን ትዝ ይልሻል? «ሱፍ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይታሽ» ብለሽኝ ነበር። ዘንድሮ በጨርቃ ጨርቅ ላቦራቶሪ የሱፍን ክር በማይክሮስኮፕ አየሁት። ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቧል፤ ሙቀት፣ እርጥበትና ማሸት ሲገናኙ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ከዚያ በኋላ ተመልሰው አይላቀቁም። አንቺ ማይክሮስኮፕ ሳታዪ የምታውቂውን እኔ በማይክሮስኮፕ አረጋገጥኩ።

በአንድ ነገር ግን አልስማማሽም፣ እማዬ፣ እባክሽ ስሚኝ። የተቀቀለ ሩዝ ምድጃ ላይ አሳድረሽ ጠዋት «በደንብ አፍልቼዋለሁ» ትያለሽ። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ዘሩ ምግቡ ሲበስል አይሞትም። ምግቡ ለብ ብሎ ሲቆይ ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዝም ያመነጫል። ጠዋት ስታፈይው ባክቴሪያው ይሞት ይሆናል፤ ከመርዞቹ አንዱ ግን መፍላትን ይቋቋማል። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው ሙቀት አደገኛው ነው። ሩዙ ከበሰለ በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሰፊና ጠፍጣፋ ዕቃ ገልብጠሽ ፍሪጅ አስገቢው። በዕድሜሽ እንዲህ ያለ ሕመም ከወጣት ይልቅ ይጎዳልና ነው የምጨቀጭቅሽ።

ሁለተኛ፣ ማጠቢያ ማሽኑን በዱቤ ልትገዢ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ውሉን ሳታሳዪኝ አትፈርሚ። በክፍል የሠራነውን ልንገርሽ። 12,000 ተበድረሽ «ወለዱ በዓመት 10 በመቶ ብቻ» ይሉሻል። 1,200 ወለድ ይጨመርና በየወሩ 1,100 ለ12 ወር ትከፍያለሽ። ግን ዕዳው በየወሩ እየቀነሰ ነው፤ በስድስተኛው ወር ግማሹን ያህል መልሰሻል፣ ወለዱ ግን አሁንም በሙሉው 12,000 ላይ እንደተቆረጠ ነው። በቀሪ ዕዳ ሲሰላ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ገደማ ይሆናል። ውሸት አልነገሩሽም፤ ስሌቱን ግን አንቺ እንድታዪው አድርገው አላስቀመጡትም። «የሸማቾች» የሚለው ስም ትምህርቱ ላይ የተጨመረው ለዚህ ይመስለኛል።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ሌላ ነው። በቤተሰብ ሀብት አስተዳደር ትምህርት የጊዜ መዝገብ እንድንሞላ ታዘዝን፤ የአንድ ሰው ሙሉ ቀን፣ በየ15 ደቂቃው። ሌሎቹ የራሳቸውን ሞሉ። እኔ ያንቺን፣ ያኔ አራታችንም ቤት ሳለን የነበረውን አንድ ቀን፣ እንደማስታውሰው ሞላሁ። ቅጹ ሁለት ዓምድ አለው፦ ዋና ሥራ፣ ከጎኑ ደግሞ «በተጓዳኝ ምን ይሠራ ነበር?» የሚል። ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳልደርስ ሁለተኛው ዓምድ ጠበበኝ። ታበስያለሽ፤ በተጓዳኝ ታናሽ ወንድሜን ታዝያለሽ፣ የእህቴን ንባብ ታዳምጫለሽ፣ የአያቴን መድኃኒት ሰዓት ትጠብቂያለሽ። እኛን ማሳደግሽ በዋናው ዓምድ የገባው በጣም ጥቂት ቦታ ነው። ሁሉም ከሌላ ሥራ ጎን ነው የተሠራው። እስክሪብቶውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ማርጋሬት ሪድ የምትባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1934 አንድ መለኪያ አቅርባለች፦ አንድን ነገር ሌላ ሰው በክፍያ ሊሠራልሽ የሚችል ከሆነ፣ አንቺ ያለ ክፍያ ስትሠሪውም ሥራ ነው። የአገር ጠቅላላ ምርት ሲሰላ ግን እናት ለቤቷ ያበሰለችው፣ ያጠበችው፣ ያስታመመችው እስከ ዛሬ አይገባም። ያው ምግብ ሆቴል ሲበስል ይቆጠራል። ቅጽ ሲሞላ «ሥራ» የሚለው ላይ «የለኝም» ስትዪ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እኔም አጠገብሽ ቆሜ «የላትም» ብዬ ጽፌያለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ቋንቋችን ይህን ሳያውቀው አልቀረም። «ባለሙያ» የምንለው ሐኪሙንም ነው፣ ቤቷን የምታውቅ ሴትንም ነው። አንቺ ባለሙያ ነሽ፤ እኔ ገና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ።

ለመመረቂያ ጽሑፌ በዕድሜ የገፉ ወላጆች ጊዜያቸውን እንዴት እንደሚያሳልፉ ላጠና አስቤያለሁ። ባዶ ቅጽ አጥፌ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። የፈለግሽውን አንድ ቀን መርጠሽ ሙይው፤ መጻፉ ከደከመሽ እህቴ ትጻፍልሽ። ሁለተኛውን ዓምድ ግን ባዶ አትተዪው።

የሚወድሽ ልጅሽ