ለመርዙ የሚወጣው ገንዘብ ለክትባት ይዋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የምጽፈው የሰፈር ውሾች በመርዝ ስለሚገደሉበት ጉዳይ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ማሽኔን ሸፍኜ ከከተማ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ የውሾች መጠለያ እሄዳለሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ለማንጠፊያ የሚሆን ቅዳጅ ጨርቅ ላደርስ ነበር። ይኸው አምስት ዓመት ሆነኝ። የበቆሎ ገንፎ ከሥጋ ቤት ቅንጥብጣቢ ጋር አገነፋለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ፣ ሐኪሙ ሲከትብ ውሻ እይዝለታለሁ።

ድሮ ውሻ መያዝ ቀርቶ ሲጮህ ስሰማ መንገድ እቀይር ነበር። ምክንያት ነበረኝ። በ1981 ዓ.ም. የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ የማናውቀው ውሻ ባቴን ነከሰኝ። አባቴ አዝሎ ፓስተር ወሰደኝ። ያኔ መርፌው የሚወጋው ሆድ ላይ ነበር። በየቀኑ፣ ለአሥራ አራት ቀን። ከበግ አንጎል የሚሠራ ክትባት ነበር። ሆዴ ጠጥሮ፣ የቀሚሴ መቀነት ሲነካኝ እጮኻለሁ። አባቴ ከረሜላ ይሰጠኝና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ግን ተረፍኩ። ስለዚህ ልጁ የተነከሰበት ወላጅ «እነዚህን ውሾች አጥፉልን» ሲል አልፈርድበትም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚመልሰው መድኃኒት የለም።

ባለፈው ታኅሣሥ፣ ገና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ለኪዳን ከቤቴ ወጣሁ። መብራት ምሰሶው ሥር ቡላ ተጋድማለች። ቡላ የሰፈሩ ውሻ ነች። ባለቤት የላትም፣ የሁላችንም ነች። የተኛች መስሎኝ ጠራኋት። ቀረብ ስል እግሮቿ እንደ እንጨት ተገትረዋል። አንገቷ ወደ ኋላ ተቆልምሟል። ዐይኗ ግን ያየኛል። ለውሻ ሥጋ ውስጥ የሚደረገው ስትሪክኒን የሚባለው መርዝ ራስን አያስትም። ጡንቻው ሁሉ እየተኮማተረ፣ ትንፋሽ እስኪቋረጥ ድረስ እንስሳው ሁሉም ይሰማዋል። ነጠላዬን አለበስኳትና አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ ማድረግ የምችለው አልነበረም። ኪዳኑም አመለጠኝ። ሲነጋ ዘጠኝ ሬሳ ቆጠርን።

የማታ ጥበቃችን፣ አባባ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። «ልጄ፣ ስድስት ክረምት አብረን ነው ያደርነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣቸውም።

በቋንቋችን ጠያቂ የሌለው ሞት ደመ ከልብ ይባላል። የውሻ ደም ማለት ነው። ስንቴ ብዬዋለሁ፣ ሳላስበው። ለካ ቃሉ የመጣው ከእንዲህ ያለ ጠዋት ነው። የንስሐ አባቴ «ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» የሚለውን ከመጽሐፈ ምሳሌ አነበቡልኝ። ሙስሊሟ ጎረቤቴ ደግሞ ለተጠማ ውሻ በጫማው ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ ስላጠጣውና አላህ ስለማረው ሰው ነገረችኝ። ሁለቱም ያጽናኑኝ ነበር። እኔ ግን ከመጽናናቱ ይልቅ ነገሩ እንዳይደገም ነው የምፈልገው።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የቡላ ግራ ጆሮ ጫፉ የተቆረጠ ነበር። ምልክት ነው፤ ተከትባለች፣ መክናለችም ማለት ነው። እኛው ነን በባጃጅ ወስደን ያስከተብናት። ከዘጠኙ ስድስቱ ጆሯቸው ላይ ያ ምልክት ነበረ። በሽታውን ከልጆቻችን ያገዱልንን ውሾች ነው የገደልናቸው።

ሐኪማችን እንዲህ ብሎ አስረድቶኛል። ሰውን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከመቶ ውሾች 70ው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። በተጠረጠረ ውሻ ከሚነከሱት ሰዎች ደግሞ ከመቶ 40 ያህሉ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ውሻውን መከተብ ልጁን መጠበቅ ነው። ሲገደሉስ? የቆሻሻ ገንዳው እዚያው ነው። ሥጋ ቤቱም እዚያው ነው። የበዓል ዕርድ ተረፈ ነገር መንገድ ዳር ይጣላል። ምግብ ያለበት ሰፈር ባዶውን አይቆይም። አንዲት ያልመከነች ውሻ በዓመት ሁለቴ ልትወልድ ትችላለች። እኛ ሰፈር እስከ ጥምቀት እንኳ አልቆየም። ጥር ሲገባ የማናውቃቸው አምስት ውሾች መጡ። አንዳቸውም ጆሮ ላይ ምልክት የለም። አሁን ሲመሽ ልጅ ወደ ሱቅ አንልክም።

መርዙ ውሻው ላይም አያቆምም። ሌሊት ከእንጦጦ የሚወርደው ጅብ ያንን ሬሳ ይበላል። ጥንብ አንሳም ይበላል። ሥጋው የተጣለበት መንገድ ላይ ደግሞ ነገ ሕፃናት ይጫወታሉ።

የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ሰው ማሳጣት አይደለም ዓላማዬ። አንድ ወጣት ሠራተኛ በትሕትና ወንበር ስቦልኝ «እናቴ፣ የሰው ችግር አልቆ ነው ስለ ውሻ የሚያወሩት?» አለኝ። መልሱን በሩ ላይ ስደርስ ነው ያሰብኩት፤ እዚህ ልጻፍለት። ልጄ፣ በዚህ በሽታ የሚሞተው አጥር የሌለው የድሃ ልጅ ነው። ስለ እሱ ነው የመጣሁት። ስለ ቡላም ነው የመጣሁት። አንዱ ሌላውን አይሻማም።

«መጠለያ ውሰዷቸዋ» የሚሉም አሉ። መጠለያው ሞልቷል። የሐበሻ ውሻ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቡችላ ሆነው በውድ ተገዝተው፣ ሲያድጉ ምግባቸው ከብዶ በር ላይ ታስረው የሚጣሉ የፈረንጅ ዘር ውሾችም አሉ። የከተማውን ውሻ ሁሉ የሚችል ግቢ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። የሚያዋጣው እያመከኑና እየከተቡ ወደ ሰፈራቸው መመለስ ነው።

አይቻልም እንዳይባል የባሌ ተራሮች ምሳሌ አለ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ከገበሬው ውሾች የሚተላለፈው ይኸው በሽታ ባሌ ላይ በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል። ስለዚህ በተራራው ዙሪያ ያሉ ውሾች ለዓመታት ሲከተቡ ኖረዋል። ብርድና ገደል አቋርጦ እዚያ የደረሰ ክትባት አስፋልት ላለው ሰፈር እንዴት ይጠፋል? ቢሾፍቱ ላይ የእንስሳት ክትባት የምናመርት ሰዎች ነን።

የምጠይቀው ይህን ነው። መርዙ ይቁም። ለእሱ የሚወጣው ገንዘብና የሰው ጉልበት በየወረዳው የክትባት ቀን ይሁንበት። ቀኑንም ልጠቁም። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ነው። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ይውላል። ደመራው የበራበት ሜዳ ላይ ሰፈርተኛው ውሻውን ይዞ ይምጣ። ባለቤት የሌላቸውን እኛ በጎ ፈቃደኞች እንይዛለን። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለአሥራ አምስት ደቂቃ አጥቦ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም እንዲሄድም በዚያው ይነገር። ይህን የማያውቅ ብዙ ሰው አለ።

የተከተበው ካልተከተበው በሩቅ እንዲለይ የአንገት ማሰሪያ ያስፈልጋል። እሱን ለእኔ ተዉት። ከቀሚስ ጥለት የተረፈውን እየቀጠልኩ መስፋት ጀምሬያለሁ። አረንጓዴና ቢጫ ነው፣ ሌሊት እንዲታይ። እስከ ትናንት ማታ ሁለት መቶ አሥር ደርሷል። አባባ የመጀመሪያውን ወስደው ከአዲሶቹ ውሾች አንዱን ሊያለማምዱ በየማታው ጉርሻ ይዘው ይጠብቁታል። እስካሁን አልቀረባቸውም።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ከሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ