እማዬ፣ ስለ ሰርጉ ድግስ

ዱባይ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣ ሐይቅ።

እማዬ፣ እንዴት ከርመሻል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በስልክ ስለ ድግሱ ስንጀምር አንዱ ይገባል፣ አንዱ ይወጣል፣ ኔትወርኩም ይቆራረጣል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ወንድሜ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ። እሱን የሚመለከት ነገርም ስላለበት እንዳይዘለው።

የእኅቴ ሰርግ ለጥር 24 እሑድ መቆረጡን ስሰማ እልል አልኩ። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆችም ተቀበሉኝ። ቀኑ የተክለሃይማኖት ነው፣ ሸጋ ቀን ነው። ግን አጽዋማቱን ስቆጥር በማግስቱ፣ ሰኞ ጥር 25፣ ጾመ ነነዌ ይገባል። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ይጾማል። ወንድሜ ደግሞ መልሱ ማክሰኞ ነው ብሎኛል። በነነዌ ለአማቾቻችን ምን ልናቀርብላቸው ነው? መልሱ ሐሙስ ጥር 28 ይሁን። ለልጁ ቤተሰብ ካሁኑ በሽማግሌ ይነገራቸው፤ እነሱም ጿሚ ናቸው፣ አይከፋቸውም። ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜም አጭር ነው። ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ይጠበቃል። ቅልቅሉ ከዚያ በፊት ይለቅ።

ነነዌ የሚነካው መልሱን ብቻ አይደለም። እሑድ ማታ በክርስቲያኑ በኩል የተረፈው ወጥ እስከ ሐሙስ የሚበላው የለም። ሌላ ጊዜ ሰኞ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ይጨርሰው ነበር። ስለዚህ ወጡ ሲሠራ ልክ ይኑረው። ሥጋው በዝቶ ከታየ ቅዳሜ ማታውኑ ጥሬው ተዘልዝሎ ቋንጣ ይሁን። ሰኞ ዳስ ለሚያፈርሱትና ዕቃ ለሚያጥቡት ደግሞ ምስር ወጥና ሽሮ፣ ጎመንም ጨምራችሁ ለብቻ አስቡላቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ሲለፉ ከርመው ደረቅ እንጀራ እንዳይቀርብላቸው።

አሁን ወደ አዳራሹ ልምጣ። ወንድሜ፣ ደሴ አዳራሽ ተከራይተን በቡፌ እንገላገል ያልከው ለእማዬ አዝነህ እንደሆነ ይገባኛል። ጉልበቷን እንደሚያማት ከኔ በላይ አንተ ታያለህ። ግን የአዳራሽ ሒሳብ በሰው ነው። የኛ አገር ሰርግ ደግሞ ሰው አይቆጠርበትም። የተጠራው ሦስት ሆኖ ይመጣል። ያልተጠራውም ሰማሁ ብሎ ይመጣል። ከኩታበር በእግሩ ተነሥቶ የመጣን ዘመድ በር ላይ ቆሞ የጥሪ ወረቀት የሚጠይቀው ማን ነው?

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የወጥ ቤቱ ነገር ነው። የምሠራው ድግስ በሚያዘጋጅ ወጥ ቤት ስለሆነ አውቀዋለሁ። ጥድፊያ ሲመጣ ጭልፋው ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው ይዞራል። ከሰርገኛችን ግማሹ ሙስሊም ነው። ሐጂና ባለቤታቸው አሉ። የባቲዋ አክስቴ ከነልጆቿ አለች። ቅሬያችንም፣ የሰፈሩ እድር፣ ያው እንደምታውቁት ነው። ሥጋውን ማን እንዳረደው በማያውቁት ቡፌ ፊት ሰሃን ይዘው ቆመው፣ ሰላጣና ዳቦ ብቻ አንሥተው ቢቀመጡ እኔ እዚህ ሆኜ እንቅልፍ አይወስደኝም። እኛ ቤት የመጣ ሰው ይህ ይሆነኛል ወይ ብሎ ሳይጠይቅ እንዲበላ ነው የምፈልገው። ሌላው ሁሉ ቢጎድል ይጉደል።

ስለዚህ ዳስ ይጣል፤ እንደ ወጉ ሁለት ዳስ። አንድ ነገር ግን አደራ። ለክርስቲያኑ ሰንጋ ተጥሎ ለሙስሊሙ ሁለት በግ የሚታረድበት ሰርግ አይቻለሁ። ደስ አይልም። የሙስሊሙ ዳስ ከዋናው የተረፈ የሚላክበት ጓሮ መምሰል የለበትም። ገንዘቡ እኩል ይከፈል። ሐጂ ከብት ገበያው ላይ ጀምሮ ይግቡበት፤ እሳቸው ይምረጡ፣ እሳቸው ያሳርዱ። ወጥ ሠሪዎቹንም ባለቤታቸው ይምረጡ፤ የሚበቃውን ሽንኩርትና ቅቤ እሳቸው ይንገሩሽ። የነሱ ልጅ ያገባች ጊዜ ለኛ በሬውን ለአባቴ አስረክበው፣ እናንተ እረዱት ብለው የለ?

ከዚህ አገር ሥራ አንድ የወደድኩት ነገር አለ። የመክተፊያው ጣውላ በቀለም የተለየ ነው። ቀዩ ለጥሬ ሥጋ፣ ሰማያዊው ለዓሣ፣ አረንጓዴው ለአትክልት። ቋንቋ የማይግባቡ ሰዎች አብረው ሲሠሩ እንኳ አይሳሳቱም። እኛ ክር እናድርገው። ከቅሬው የሚመጣው ድስት፣ ጭልፋ፣ ቢላዋና ትሪ እጀታው ላይ ክር ይታሰርበት። ለሙስሊሙ አረንጓዴ፣ ለክርስቲያኑ ቀይ። ማጠቢያውም ሁለት ቦታ ይሁን። ዕቃ የሚደባለቀው ሲሠራ አይደለም፤ ማታ ልጆቹ ደክሟቸው ሲያጥቡ ነው።

ወጡንማ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እኔ አልነግርሽም። ዶሮው ብቻ ለሁሉም አይደርስም። ከአንድ ዶሮ 12 ብልት ነው የሚወጣው፤ ለሙሽሮቹ፣ ለሚዜዎቹና ለሽማግሌዎቹ ይሁን። ቅቤውን አሁን በጾሙ ግዙት፤ ገና ሲቃረብ ይወደዳል። ባዕድ ነገር የሚቀላቅሉ ስላሉ መጀመሪያ ጥቂት አንጥረሽ ሳታዪ ብዙ እንዳትገዢ። በርበሬውንም የተፈጨ አትግዙ። ዛላውን ገዝታችሁ ራሳችሁ ቀንጥሱት። ወጡ ደግሞ እንግዳው እስኪያልቅ ከእሳት አይውረድ፤ ፍሙ ረመጥ ብቻ ቢሆንም ይቀመጥበት። እኛ እዚህ በቴርሞሜትር እየለካን ከ60 ዲግሪ በታች እንዲወርድ አንፈቅድም። ጥር ቀኑ ፀሐይ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ተከፍቶ የዋለ ወጥ ሰው ያሳምማል።

ዓሣውን እንዳትረሱት። ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ለሰርግ ዓሣ የማናቀርብበት ምክንያት አይገባኝም። ዓሣ አራጅ አይፈልግም፤ ለሁለቱም ይሆናል። የሙሽሮቹ ገበታ ላይ ሐጂና አባታችን ከአንድ ትሪ የሚቆርሱት እሱ ነው። ቆሮሶውን እሑድ ጎሕ ሲቀድ ከአጥማጆቹ ተቀበሉ። ቅዳሜ ተገዝቶ እንዳያድር። ጎንና ጎኑን በቢላዋ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጋችሁ ጨውና ሎሚ አስገቡበት። ከዚያ ዱቄት አስነክታችሁ በጋለ ዘይት። ዘይቱ አዲስ ይሁን። ሥጋ የተጠበሰበት ዘይት ከገባበት ለሁሉ የሚሆን ዓሣ መሆኑ ቀረ።

መጠጡ ላይ ደግሞ ጊዜ እንውሰድ፤ ድግስ የሚያምረውም የሚበላሸውም በመጠጥ ነው። ጠላውን ለማንም አትስጪብኝ፣ አንቺው ጥመቂው። ብቅሉ ካሁኑ ይብቀል። ጥንስሱ ገና በዋለ ማግስት ይጠንሰስ። ያኔ ለሰርጉ ሦስት ሳምንት ተኩል ያህል ይቀረዋል፤ ተረጋግቶ ይደርሳል። ጋኑን በግራዋ ፈትገሽ በወይራ ስታጥኚው ጢሱ በጋኑ አፍ እየተጥመለመለ ሲወጣ፣ አንቺ በነጠላሽ ጫፍ ዓይንሽን እየጠረግሽ ሳትለቂው ነበር። ያንን ሽታ የያዘ ጠላ ቢራ አያስመኝም። ጉልበትሽ ስለሚያምሽ ጋኑን የሚያነሡት ጎረምሶቹ ይሁኑ። አንቺ ቁጭ ብለሽ እዘዢ። ማርያምን፣ ይህን እሺ በይኝ።

ጠጁ ትንሽ ቢሆንም ንጹሕ ማር ይሁን። በስኳር ከተጣለ ጠጅ ባይቀርብ ይሻላል። ከዚያው ማር ጌሾ ሳይነካው ብርዝ ይበረዝ፤ ለሙስሊሞቹም፣ ለልጆቹም፣ መጠጥ ለማይወዱትም ይሆናል።

ለሙስሊሙ ዳስ ግን ዋናው ቀሪቦ ነው። ለስላሳ በሳጥን ደርድሮ ይበቃቸዋል ማለት እንግዳን ማቃለል ነው። ክርስቲያኑ በቤት የተጠመቀ ጠላ እየጠጣ ሙስሊሙ በቤት የተሠራ ነገር ለምን ይጣ? ገብሱ ጠቆር እስኪል ይቆላና ይፈጫል። ከውሃ ጋር ይፈላል፣ ይጠልላል። ሲቀዘቅዝ ስኳርና እርሾ ይገባበታል። ቅዳሜ ከሰዓት ተሠርቶ እሑድ ማለቅ አለበት። ከእሑድ ካለፈ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ለሐጂ ቤት አይሆንም። ውሃው በደንብ ይፍላ። ጠላ በኖረበት ጋን ደግሞ ፈጽሞ አይግባ! አዲስ በርሜል እንዲገዛ ገንዘቡን ጨምሬ ልኬያለሁ።

ቢራ ካስፈለገ የሚጠመቀው ኮምቦልቻ ነው፤ ካሁኑ ገዝቶ ማከማቸት አያስፈልግም። ክርስቲያኑ ዳስ ውስጥ ብቻ ይቅረብ፤ ከለስላሳውም ጋር በአንድ በርሜል አይቀዝቅዝ። ለስላሳው በሳጥን 24 ነው። ወንድሜ፣ ያልተከፈተውን ሳጥን መልሶ ከሚቀበል ነጋዴ ጋር ተነጋገር። ውሃም ብዙ ይኑር። እዚህ እንዳየሁት በድግስ መጀመሪያ የሚያልቀው ውሃ ነው።

ኬክ አንድ ይበቃል፣ ስለ እሱ አልጨቃጨቅም። ድፎ ዳቦው ግን በኮባ ተጠቅልሎ ይጋገር፤ እሱና ቡናው ለሁለቱም ዳስ አንድ ይሁኑ። ቡናው በሁለቱ ዳስ መካከል ይፈላ። እጣኑ ይጨስ። አቦሉ ሲቀዳ የንስሐ አባታችንና ሐጂ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ሙሽሮቹን ይመርቁልን። ፊት የሚመርቀው ማን ነው የሚለውን እነሱ ይጨርሱታል፤ እናንተ አትግቡበት።

እኔ ፈቃድ አላገኘሁም፣ አልመጣም። እኅቴን ብቻዋን አታልቅስብኝ በይልኝ፤ በቪዲዮ እገባለሁ። ሽንኩርት ለሚልጡት፣ ጅጌ ለሚወጡት ጎረቤቶች ሁሉ በስማቸው እየጠራሽ ሰላም በይልኝ። እጃቸው ይባረክ።

ወንድሜ፣ አማቾቹ ለሐሙሱ እሺ ማለታቸውን ከሐጂ ጋር ከተነጋገርክ በኋላ በድምፅ ላክልኝ። የቅሬው ድስት ስንት እንደሆነ ቁጠርና ንገረኝ። ካልበቃ የሌላውን ቅሬ ካሁኑ ጠይቁ፤ ጥር ሰርግ ይበዛል፣ ድስት አይገኝም።

አብሽሪ እማዬ። ጉልበትሽን ጠብቂ።

የምትወድሽ ልጅሽ