ለግል ኩባንያ ትርፍ የገበሬ ማሳ በግድ አይወሰድ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የምጽፍልዎት ከደብረ ማርቆስ ነው። ከበለስ የኃይል ማመንጫ ተነስቶ በባሕር ዳርና በእኛ በኩል አድርጎ ወደ ሱሉልታ የሚወርደውን ባለ 400 ኪሎ ቮልት መስመር በዚህ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። እሱ የመንግሥት ነው፤ ገበሬውም ከፋውም ደላውም ለአገር ነው ብሎ ችሎታል። እኔን ያስጨነቀኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው።

ሕጉ የግል ኩባንያ መብራት አመንጭቶ እንዲሸጥ በር ከፍቷል። ጥሩ ነው፣ መብራት ማን ይጠላል? ግን ኩባንያው መሬት ሲፈልግ መንግሥት በግድ ወስዶ ይስጠው ወይ? ለሕዝብ ጥቅም መሬት የሚለቀቅበትንና ካሳ የሚከፈልበትን የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 «የሕዝብ ጥቅም» የሚለውን ሲፈታ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ልማት ያመጣል ተብሎ ከታመነበት በቂ ነው። «በተዘዋዋሪ» ውስጥ የማይገባ ምን አለ?

የአክስቴን ነገር ልንገርዎት። ከማሳዋ ዳር ባሕር ዛፍ ነበራት፤ ለልጅ መዳሪያም ለክፉ ቀንም የምትለው እሱን ነበር። መስመር ያልፋል ተባለና ተቆረጠ። የካሳ ገማቾቹ የቆመውን ዛፍ ቆጥረው ሄዱ፤ ጉቶው በየጥቂት ዓመቱ እንደገና አቆጥቁጦ የሚሸጥ መሆኑን ማንም አልጻፈላትም። አሁን ከሽቦው ሥር ዛፍ መትከል አይቻልም፣ ቤት መሥራት አይቻልም። የመሬት ይዞታ ደብተሩ በስሟ ነው፣ መሬቱ ግን አልታዘዝ አላት። ማታ ደግሞ የምታመሸው በኩራዝ ነው። የላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ለሰፊው ሕዝብ ሲሆን እሺ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 40 ላይ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ንብረት መውሰድ እንደሚችል፣ ግን ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል እንዳለበት ይናገራል። ከ1161 በፊት የነበረው የ1997ቱ የካሳ አዋጅ መሬቱን ለሚለቅ ገበሬ የ10 ዓመት ገቢ ያሰላ ነበር፣ 1161 ወደ 15 ከፍ አደረገው። ምሰሶው ግን ከ15 ዓመት በኋላም እዚያው ነው፣ ኩባንያውም መሸጡን አያቆምም!

ስለዚህ ሕጉ ይጥበብ። ለትርፍ የሚሠራ ኩባንያ መጀመሪያ ከባለይዞታው ጋር ቁጭ ብሎ ይደራደር፤ ማሳውን ይከራይ፣ ኪራዩንም በየዓመቱ ይክፈል። ለአንድ ፋብሪካ ብቻ የሚዘረጋ መስመር ከሆነ በግድ መውሰድ ጭራሽ አይፈቀድ። ግምቱን ኩባንያው የሚከፍላቸው ሰዎች አይሥሩት። ብሩ ደግሞ መጥረቢያ ከመነሳቱ በፊት በገበሬው እጅ ይግባ፤ መስመሩ የሚያልፍባቸው ቤቶችም በቅድሚያ መብራት ይግባላቸው።